በመተማ አፍ የዘፈንነው

እናቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል እንዳመጣ ወደ ጋላባት በላከችኝ ቁጥር የሚስቅብኝ ሰው አላጣም ነበር። ጋላባት ከእኛ ከመተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ የምትለይ የሱዳን ከተማ ናት። ድንበር ጠባቂዎቹ ስለሚያውቁን፣ ካልከፋቸው በቀር፣ ዝም ይሉናል። እዚያ ሽቶ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ገና ከሩቅ ስታየኝ ጎረቤቷን ትጠራለች። እኔ ደጃፏ ቆሜ ባሏን ዕቃ እንዲያሳየኝ «ታሊ!» ብዬ ስጠራው ሁለቱም ሴቶች ተያይዘው ይንከተከታሉ። «ታሊ» በእነሱ አፍ «ነይ» ማለት ነው፤ ለሴት ብቻ የሚባል። እኛ መተማ ተወልደን ያደግነው ግን ለወንዱም ለሴቱም፣ ለፍየሉም ሳይቀር «ታሊ» ነው የምንለው። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ፣ «እንግዲህ ባሌን ሚስት አደረግሽልኝ!» ትለኛለች። መጀመሪያ አካባቢ አፍር ነበር። በኋላ ግን ሆን ብዬ ጮክ እያልኩ «ታሊ!» ማለት ጀመርኩ። እንዲስቁልኝ አልነበረም፤ እንዲለምዱት ነው።

በእኛ በኩልም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። ቁርአን ያቀሩን ሽማግሌ ሼኽ እኔና ጓደኞቼ በዓረብኛ ስንጨቃጨቅ ከሰሙ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይከድኑ ነበር። «ይኼ የምታወሩት የገበያ ጫጫታ ነው። የአላህን ቃል የተሸከመ ቋንቋ እንዲህ አይጎተትም» ይሉናል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ደግሞ የሚጠላው ተቃራኒውን ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ በረሃው ታጣቂ አለበት፣ በድንበሩ ሌሊት የሚወጣና የሚገባ አለ ይባላል፤ በስብሰባ መሃል ከሴቶች ረድፍ አንዲት የዓረብኛ ቃል ከሰማ ንግግሩን አቁሞ «ማነው በባዕድ ቋንቋ የሚያንሾካሹከው?» ብሎ ያፈጣል። የሚያንሾካሹክ የለም። እናቴ ለጎረቤቷ ውሃ አቀብይኝ ማለቷ ነው።

እናቴ የነጋዴ ልጅ ናት። አያቶቿ ከጎንደር ወደ ቆላ የወረዱ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን ያዘች። ስትቆጣ በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሳለች፤ ስታባብል ደግሞ በዓረብኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። እኔ ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ መምህሩ «ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። ከየት አመጣዋለሁ? ከቤቴ ነዋ።

እንዲህ እያለ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ በአንዱ በጋ ከላይ ትእዛዝ መጣ። በጎንደር ከተማ የኪነት ውድድር ስለሚደረግ ከየአካባቢው አንድ አንድ ቡድን ይቅረብ፤ እያንዳንዱም የብሔረሰቡን ዘፈንና ጭፈራ ያሳይ ተባለ። ሊቀ መንበሩ ወጣቱን ሰብስቦ «መዝፈን የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» አለን። በሠርግ ላይ እንደምዘፍን የማያውቅ ስላልነበረ እኔ እጄን ሳላወጣ ነው የተመረጥኩት።

የቡድኑ መሪ የተደረገው አንድ ጎጃሜ ነበር። ሰሊጥ ለማጨድ ከሠራተኞች ጋር መጥቶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ የቀረ ሰው ነው። ማሲንቆ ይጫወታል። ሲናገር ቃሉን እንደ ጎጃም ሰው ሳብ አድርጎ ነው፤ ዓረብኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ሁላችንም እስክስታ ልንወርድ ተዘጋጅተን ስንጠብቀው፣ እሱ ለሁለት ቀን ያህል ከሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ሲዞር ሰንብቶ መጣና አንድ ጥያቄ ጠየቀን።

«እዚያ ሠርግ ላይ የሸክላ ከበሮ የሚመቱት ሴትዮ ማን ናቸው?»

«ኻልቲ ናቸዋ» አልነው። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። አያቶቻቸው ከሩቅ ምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ በእግር ሲጓዙ ደክሟቸው እዚሁ ቆላ የቀሩ ተክሩሮች ናቸው። ደሉካ የሚባለውን ከሸክላ ተሠርቶ በፍየል ቆዳ የሚለጎም ከበሮ እንደ እሳቸው የሚመታ በድንበሩ በዚህም በዚያም አልነበረም።

«እስክስታውን ሁሉም ይዞ ይመጣል» አለ መሪያችን። «የደባርቁም፣ የደብረ ታቦሩም። እኛ የምንይዘው ይኼን ነው። የዚህ አገር ዘፈን ይኼ ነው። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ተያየን። ከመካከላችን ማንም «የዚህ አገር ዘፈን» የሚለውን ስለ ደሉካ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። የሱዳን ዘፈን ነበር የምንለው፤ ሱዳኖቹ ደግሞ የሐበሻ ነው ይሉታል። ይህን የነገረን ሰው ጎጃሜ መሆኑ ገረመኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ጆሮው የቆመ ነው፤ እኛ ስንሰማው ኖረን ያልሰማነውን እሱ ሰማው።

ኻልቲን ለመንናቸው። «ጎንደር ብርድ ነው» አሉ። ቀጥለውም «መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ።

ዘፈኑን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሴቶች የሚሉትን ዜማ ይዤ፣ ለሥራ ሄዶ ያልተመለሰን ሰው የምትጠራ ሴት አድርጌ ነው።

«ያ ዞል ታሊ፣ ሲምሲም ደርሷል፤
ገልቢ ብቻውን ቀርቷል።»

«ያ» መጥሪያ ነው፤ ዞል ሰው ነው፤ ሲምሲም ሰሊጥ ነው፤ ገልቢ ልቤ ማለት ነው። ይኼን ለመተማ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። ግማሹ ዓረብኛ፣ ግማሹ አማርኛ መሆኑንም ያሰብኩበት አይደለም፤ አፌ ላይ የመጣው እንዲያ ሆኖ ነው።

ሊቀ መንበሩ ሲሰማው ግንባሩን ቋጠረ። መሪያችን ቀደም ብሎ መላ ነበረው። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይኼ ስለ ሰሊጥ ምርት ነው። ምርት ማለት ደግሞ አብዮት ነው» አለው። ሊቀ መንበሩም «በመጨረሻው ላይ ‘አብዮታዊት እናት አገር’ የሚል ይግባበት» ብሎ ፈቀደ። እኛም አስገባንበት። በደሉካው ምት ላይ ሲሄድ እንዴት ያለ አስቸጋሪ ነገር መሰላችሁ።

እናቴ ግን አልፈቀደችም። «እዚህ ሠርግ ቤት ዝፈኚ፣ ማንም አይነካሽም» አለችኝ። «ጎንደር ሄደሽ በካድሬ ፊት በዓረብኛ አፍሽን ስትከፍቺ ምን እንደሚሉሽ አላውቅም? አፍሽን ጠብቂ፣ ልጄ። እኔ ይህን ሱቅ ይዤ የኖርኩት አፌን ስለጠበቅሁ ነው።»

«እማ፣ አፌን ስጠብቅ ኖርኩ። የማን እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም» አልኳት።

በመጨረሻ የራሷን ቶብ፣ ያን ስስ ብርቱካንማ የሱዳን መጎናጸፊያ፣ አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። ፈቀደች ማለት አይደለም። ከሄድኩ ግን እንዳላሳፍራት ነው።

ሰሊጥ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያው ጫፍ ተቀምጠን ሄድን። ሸሕዲ ላይ ኬላው ቆመን ስንፈተሽ አንዱ ወታደር ደሉካውን ገልብጦ ውስጡን አየና «ምን ተደብቆበታል?» አለ። ኻልቲ «ድምፅ» አሉት። ሳቀና ደሉካውን መለሰላቸው። ጭልጋ ላይ ብርድ ጀመረ። ጎንደር ስንደርስ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ አሳደሩን፤ የየአካባቢው ቡድን ሁሉ እዚያ ነበር። ነጭ በነጭ የለበሱ የደጋ ልጃገረዶች ቶባችንን እየነኩ «ይኼ መጋረጃ አይበርድም?» ይሉናል። በክፋት አልነበረም።

በማግስቱ ማጣሪያ ነበረ። ገምጋሚዎቹ ከረዥም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ካድሬው፤ ከጎኑ ደግሞ ዓረብ አገር ተምሮ የመጣ ነው የተባለ፣ መነጽር ያደረገ የመንግሥት አስተርጓሚ። ኻልቲ ደሉካውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ እኔ ዘፈንኩ፤ ልጆቹ ተቀበሉኝ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ካድሬው ጠረጴዛውን መታ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼ የየትኛው ብሔረሰብ ዘፈን ነው?»

«የመተማ ነው» አለ መሪያችን።

«መተማ ብሔረሰብ አይደለም። ቋንቋው ምንድን ነው?»

መሪያችን ወደ እኔ ዞረ። «የምንናገረው ነው» አልኩ። ሌላ ስም አላውቅለትም ነበር።

ካድሬው ወደ አስተርጓሚው አየ። አስተርጓሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ፈገግ ብሎም ነበር። «ዓረብኛ ለመሆን የሞከረ ነገር ነው» አለ። «ግን ዓረብኛ አይደለም። ‘ዞል’ የሚባል ቃል በመጽሐፍ የለም፤ ‘ረጁል’ ነው። ‘ገልቢ’ አይባልም፣ ‘ቀልቢ’ ነው። ደግሞ ወንድየውን ‘ነይ’ እያለችው ነው።» በዚህ ጊዜ ገምጋሚዎቹ ሁሉ ሳቁ።

የጋላባት ሴቶች ሲስቁብኝ እንዲህ አልነደደኝም። እነሱ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ስቀው ሲያበቁ ሻይ ይጋብዙኛል። ይኼ ሳቅ ግን ሌላ ነበር።

«ዓረብ ነሽ?» አለኝ ካድሬው።

«አይደለሁም።»

«አማራ ነሽ?»

«የመተማ ልጅ ነኝ።»

«እሱን ጠየቅሁሽ?»

ገምጋሚዎቹ ተጠጋግተው ተማከሩ። ሲጨርሱ ካድሬው ሁለት ምርጫ ሰጠን። አንደኛው ዘፈኑን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በትክክለኛ ዓረብኛ አድርገን፣ የዓረብ ልብስ ለብሰን፣ ከዓረብ ወዛደሮች ጋር ያለንን ወንድማማችነት መግለጫ ብለን ማቅረብ ነው፤ አስተርጓሚው ያርምልናል። «ይኼ ቅልቅል ግን መድረክ ላይ አይወጣም» አለ። «ወይ ይኼን ሁኑ፣ ወይ ያንን።»

ወደተሰጠን ክፍል ተመለስን። አስተርጓሚው ተከትሎን መጣና ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቁሞ አስተማረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም በትዕግሥት ነበር። «ቀልቢ። ቀ። አማርኛ ተናጋሪ ነሽ፣ ‘ቀ’ አይከብድሽም። በይ።»

«ቀልቢ» አልኩ።

«ማሻአላህ! አየሽ? ትችያለሽ። አሁን ‘ያ ረጁል’ በይ።»

አልኩ። ሁሉንም አልኩ። አንድም አልቀረኝም። ስዘፍነው ግን በሬዲዮ ዜና የማነብ መሰለኝ። ኻልቲ ምቱን ሊያገኙለት ሞከሩ፤ እጃቸው መንገድ ላይ ይቆማል። በአማርኛም ሞከርነው። «አንተ ሰው ና፣ ሰሊጥ ደርሷል።» እሱም መልካም አማርኛ ነው፤ ዘፈኑ ግን ሞቷል። ሰው የምትጠራው ሴት ጠፍታ አንድ የእርሻ ባለሙያ የሚናገር ሆነ።

አስተርጓሚው ሲወጣ ኻልቲ ደሉካውን መሬት አስቀመጡት።

«እኔ ወጣት ሆኜ ገዳሪፍ ሄጄ ነበር» አሉን። «እዚያ ስናገር ‘ይቺ ከምዕራብ የመጣች ባሪያ ናት፣ ዓረብኛዋን ስሙት’ አሉኝ። ጋላባት መጣሁ፣ ‘ሐበሻ’ አሉኝ። መተማ ገባሁ፣ ‘ሱዳን’ አሉኝ። አሁን ደግሞ ይኸው እዚህ ሌላ ሰው ሁኚ ይሉኛል። እኔ እንግዲህ ሰው ሁሉ እስኪስማማልኝ ብጠብቅ ሳልናገር እሞት ነበር።»

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ኻልቲ?» አልኳቸው።

«የምትዘፍኚው አንቺ ነሽ። እኔ የምመታው አንቺ ለከፈትሽው ነው።»

መሪያችን በአማርኛው እንዲሆን ወሰነ። ሌላ ምን ያድርግ? ስማችን ከተሰረዘ ሊቀ መንበሩ አይምረውም። «ቢያንስ ደሉካው መድረክ ላይ ይወጣል» አለን። ፊቱ ግን አልፈካም፤ ማሲንቆውን እንኳን አልነካም።

የውድድሩ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተማሪዎች፣ ወታደሮች፣ የየቀበሌው ሰዎች። በኋላው ግድግዳ ጥግ የቆላ ሾፌሮች ቆመው አየሁ፤ ጭነታቸውን አራግፈው ሊያዩን መጥተው ነበር። ስማችን ተጠራ። የእናቴን ቶብ አስተካክዬ ወጣሁ። ኻልቲ ከኋላዬ ተቀመጡና ምቱን ጀመሩ።

«አንተ ሰው ና፣ ሰሊጥ ደርሷል» ብዬ ዘፈንኩ።

ሰዉ በጨዋነት አዳመጠ። ወደ ገምጋሚዎቹ አየሁ። አስተርጓሚው እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ቀስ እያለ ይነቀንቃል፤ መምህር ተማሪው ትምህርቷን ስታስረክበው እንደሚያደርገው። ያ መነቅነቁ ነው የለወጠኝ። ቢቆጣኝ ኖሮ ፈርቼ እስከ መጨረሻው በአማርኛው እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ግጥም አለቀ፤ ልጆቹ ተቀበሉ፤ ተራዬ ደረሰ። አፌን ከፈትኩ።

«ያ ዞል ታሊ፣ ሲምሲም ደርሷል፤
ገልቢ ብቻውን ቀርቷል!»

ኻልቲ አንድም ምት አልሳቱም። እንዲያውም ይኼን ሲጠብቁ እንደነበር ደሉካው ወዲያው ጎላ፤ ወለሉ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ከሾፌሮቹ በኩል ፉጨት መጣ። አንዱ በአድናቆት «ያ ሰላም!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ያልገባቸው ተማሪዎች ጭብጨባውን ያዙ። ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ። እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት፤ የሚለውን ግን አልሰማሁም። ልጆቹ ፈርተው ድምፃቸው ሳሳ፤ እንደሚያቋርጡ አወቅሁ። ያን ጊዜ ከግራዬ በኩል አንድ ድምፅ ገባ። መሪያችን ነው። ማሲንቆውን ትቶ፣ ወደ ፊት ወጥቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ «ያ ዞል ታሊ!» እያለ ይቀበለኛል። በጎጃም አነጋገር፣ ቃሉን ሳብ አድርጎ፣ ‘ዞል’ን እንደ እንጀራ ዘርግቶ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ዓረብኛ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ እሱን ሲያዩ ድምፃቸው ተመለሰ። ዘፈኑን ጨረስን። «አብዮታዊት እናት አገር» የሚለውንም ረሳነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ቢሮ ተጠራን።

ካድሬው አልተቀመጠም። «ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

መሪያችን «እኔ ነኝ ያዘዝኳት፤ ኃላፊው እኔ ነኝ» አለ።

«አላዘዘኝም» አልኩ። «ጓድ፣ የዘፈንኩት እኔ ነኝ። እሱ በአማርኛው እንድዘፍን ነበር ያለኝ።»

«ፀረ አብዮት ድርጊት መሆኑን ታውቂያለሽ? ሕዝብን በባዕድ ቋንቋ መቀስቀስ ነው!»

ኻልቲ በሩ አጠገብ ወንበር ስላልተሰጣቸው ደሉካውን አቅፈው ቆመው ነበር። «ጌታው» አሉት በአማርኛ፣ «እርስዎ ባዕድ የሚሉት ቋንቋ እኔ ቆሎ የጠየቅሁበት ነው። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። እኔ ባዕድ ከሆንኩ ወደ የት እንደምሄድ ይንገሩኝና ልሂድ።» ካድሬው ለሽማግሌ ሴት መጮህ አልሆነለትም።

አስተርጓሚው ግን ያዘነ ይመስል ነበር። «እኔ የማይገባኝ» አለኝ፣ «ትችያለሽ እኮ። ‘ቀልቢ’ ብለሽልኝ ነበር። እያወቅሽ ለምን ስህተቱን መረጥሽ?»

እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ያን ጊዜ የተናገርኩትን እወደዋለሁ። «ስህተት አንድ ሰው ሲሳሳት ነው፣ ጌታዬ» አልኩት። «እኛ ግን አንድ ሙሉ አገር ሰው ነን። እርስዎ እንዳሉት ብዘፍነው የተማሩበት አገር ዘፈን ይሆናል። እኔ እዚያ አልተወለድኩም።»

መነጽሩን አወለቀ።

ሽልማት አልነበረም፤ የምሳ ወረቀታችንንም ወሰዱብን። የደብረ ታቦር ልጆች እንጀራቸውን አካፈሉን። በማግስቱ ባዶ በሚመለስ ኤንትሬ ተጫንን፤ ከእነዚያ ሾፌሮች አንዱ ነው የወሰደን፤ እስከ ሸሕዲ ድረስ ዘፈኑን ደጋግመን እንድንዘፍንለት አደረገን። ጉሮሮዬ ደረቀ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መተማ ገብቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ መሪያችንን ከመኪናው ሳይወርድ አስያዘው። በቀበሌው እስር ቤት ከረመ። እናቴ ስንቅ ትልክለት ነበር፤ ለማን እንደምትልክ ሳትናገር። ቡድኑ ፈረሰ። ደሉካው በቀበሌው መጋዘን ተቆለፈበት። እኔን ደግሞ ሊቀ መንበሩ በስብሰባ መሃል አስቁሞ ራሴን እንድተች አዘዘኝ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። እናቴ ከሴቶቹ ረድፍ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«የምተቸው» አልኩ፣ «በመጨረሻው ላይ ‘አብዮታዊት እናት አገር’ የሚለውን መርሳቴን ነው። በሌላው ግን ምንም አላጠፋሁም።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ሰው። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ተቀመጪ!» አለኝ። ተቀመጥኩ። ለጥቂት ወራት የስኳር ራሽናችን እየዘገየ መጣ። እናቴ ስለ ስኳሩ አላነሳችብኝም። አንድ ቀን ሱቁን ስትጠርግ ብቻ፣ «በአዳራሹ ሰው አጨበጨበ?» አለችኝ። አጨበጨበ አልኳት። «ቶቡስ?» አለችኝ። ቶቡም አማረብኝ አልኳት። መጥረጓን ቀጠለች።

ኻልቲ ለደሉካው አላለቀሱም። ወንዙ ዳር ወርደው አፈር አመጡ፣ ሸክላውን ራሳቸው ሠሩ፣ አደረቁት፣ አቃጠሉት፤ ከአንድ ነጋዴ የፍየል ቆዳ ለመኑ። ሊቀ መንበሩ ይኼን ሰምቶ ሰው ላከባቸው። «አፈሩን ሁሉ መጋዘን ታስገቡታላችሁ?» ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣባቸውም።

መሪያችን ከእስር ሲወጣ ወደ ጎጃም ይመለሳል ብለን ነበር። አልተመለሰም። ኮኪት አካባቢ የትራክተር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ ከእኛው ሰፈር ከአንዲት ልጅ ጋር ተጫጨ። በሠርጉ ቀን እናቱ ከጎጃም መጡ። ነጭ ሸማቸውን አጣፍተው፣ በሙቀቱ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሙሽሮቹ አጠገብ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩም ተጠርቶ መጥቷል፤ ከፊት ነው ያስቀመጡት። ኻልቲ ደሉካቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። እኔ አላስፈቀድኩም፤ ማንንም ዞሬ አላየሁም። ጀመርኩ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተቀበሉኝ፤ ከጋላባት የመጡትም ተቀበሉ። ሊቀ መንበሩ ብርጭቆውን እያየ ቀረ።

የመሪያችን እናት ጥቂት አዳመጡና ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ። «የኔ ልጅ፣ ይኼ የማን ቋንቋ ነው?» አሉት።

«የመተማ ነው፣ እምዬ» አላቸው።

«እንዲህ ያለ ቋንቋ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ። ሚስቴ የምትናገረው ነው። ልጆቼም ሲወለዱ የሚናገሩት ነው።»

«እንግዲያ ሳልለምደው አልሄድም» አሉና ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ተነሡ። ጭፈራውን አያውቁትም፤ በጎጃም አድርገው ነው የጨፈሩት። ኻልቲ ምቱን ጥቂት ዝግ አደረጉላቸው፣ እኔም ዘፈኑን ደግሜ ከፈትኩላቸው።